ሁለተኛው ጥሪ

ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነኝ መብቱ ነው፣ አልለምነውም።

ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። በእኛ የግሪክ ደሴት በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ውሻ እንኳን አይጮህም።

እኔ ግን እንግዳ አለብኝ። ቫሲያና ባሏ ኦረስቲስ ከአቴንስ መጥተዋል። ቫሲያ እንዲሁ ጓደኛዬ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ሰርጓ ላይ የሙሽሮቹን አክሊል ከራስ ራስ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ይሄ እኛ ጋ ከሥጋ ዝምድና አያንስም።

ወደቡን አሳየኋቸው። ኦክቶፐስ አስጠብሼ አበላኋቸው። አይበቃቸውም።

"ላይኛውን መንደር ሳናይማ አንሄድም!" አለች ቫሲያ። ሰው ጥሎት የወጣ መንደር ነው።

"ኧረ ፀሐዩ በረድ ይበል።"

"ፈራሽ እንዴ ዛፊሪያ? የደሴት ልጅ ነኝ ባይ!"

በነገር ስትወጋኝ እልህ ያዘኝ። መኪናቸውን ከታች አቁመን በእግር ወጣን። መንገድ ላይ ግን አስጠነቀቅኳቸው።

"እዚያ ስማችሁን የሚጠራ ብትሰሙ አቤት እንዳትሉ። ሰው ከሆነ ሁለተኛ ይጠራል።"

"ሰው ካልሆነስ?" አለ ኦረስቲስ።

"ሁለተኛ መጥራት አይችልም።"

"አቤት ያለስ?"

"እንደ ጠሪዎቹ ይሆናል።"

ቫሲያ በሳቅ ሞተች። "እናትሽ ናቸው ይሄን ያስተማሩሽ?"

"አዎ። እማዬ ዛሬም ሁለቴ ካልጠሯት በር አትከፍትም።"

መንደሩ ገባን። ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች... ግድግዳውን ሰንጥቆ የበቀለ በለስ...

አንዱ ደጃፍ ላይ ውሃ ተረጭቷል። በዚያ ፀሐይ ገና አልደረቀም።

ዛፍ ላይ ሲጮሁ የነበሩት ፌንጣዎች ባንዴ ጸጥ አሉ።

ከዚያ... ከቤቱ ውስጥ...

"ቫሲያ!"

የሴት ድምፅ ነው። ደግ ድምፅ።

አፏን ልይዝ እጄን ስዘረጋ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። "አቤት!" አለች። ለቀልድ።

ከበሩ ጀርባ፣ በሹክሹክታ...

"አቤት ያለችው የቷ ናት?"

ቫሲያ ፊቷ አመድ መሰለ። ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። የምትደበቅብኝ መስሎኝ ነበር።

ገፋችኝ። ወደ በሩ።

"እሷ ናት! ዛፊሪያ ናት!"

"ቫሲያ! ምን ነካሽ?"

ወደ ኦረስቲስ ዞርኩ። "አንተ እንኳን እውነቱን ተናገር!"

መሬት መሬት እያየ፣ "አዎ... ዛፊሪያ ናት" አለ።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ።

ቀዝቃዛ እጅ ጉሮሮዬ ላይ አረፈ። አላነቀኝም። ዳበስ ዳበስ አድርጎ ተወኝ። ዞር ብዬ ባይ በሩ ውስጥ ማንም የለም።

ከታች ስደርስ መኪናዋ የለችም። አልዋሻችሁም፣ ያስለቀሰኝ ያ ነገር አይደለም። ያስለቀሰኝ የቫሲያ እጅ ነው። እህቴ ያልኳት ሰው! ያን ሁሉ መንገድ "ብቻ እማዬ ጋ ልድረስ" እያልኩ በእግሬ ወረድኩ።

መኪናቸው የኛ ደጅ ቆሟል።

በሩ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። እጄ እንጨቱን ይመታል... ድምፅ ግን የለም።

በመስኮት አየሁ። እማዬ የአይብ ቂጣ እየቆረጠች ታቀርብላቸዋለች።

"ዛፊሪያስ?" አለች።

"ከኋላ እየመጣች ነው እማማ" አለች ቫሲያ። ኦረስቲስ አንገቱን ደፍቷል።

"እማ!" ብዬ ጮህኩ።

እማዬ ቀና አለች። ቢላዋውን እንደያዘች ጠበቀች።

አፌን ከፈትኩ... ጉሮሮዬ እምቢ አለ።

እንደገና... እምቢ!

"የልጄ ድምፅ መሰለኝ" አለች እማዬ፣ ከወንበሯ ብድግ እያለች።

ቫሲያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አየችኝ! እንባዋ ይወርዳል። የእማዬን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"እማማ... ሁለቴ ካልጠራ አይከፈትም፣ አይደል?"

እማዬ ጠበቀች። በጣም ጠበቀች።

ከዚያ ቀስ ብላ መጣች። ፊቷ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። እሷ ግን እኔን አልፋ መንገዱን ታያለች።

"የማንም ልጅ ሁኚ፣ እግዜር ያሳርፍሽ" አለችና መስኮቱን ዘጋችው።