ያልቀላው መዶሻ

ጃቤዝ ፓስኮ በሰማያዊው ገንዳ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ከማዕድን ጉድጓዱ የሚወጣው መዳብ ያዘለ ውኃ እዚያ ይወርዳል፤ ቁርጥራጭ ብረት ይጣልበታል፤ ብረቱ ሲያልቅ መዳቡ ይቀራል።

የገንዳው ጠባቂ ዊልፍ ናንከርቪስ ከሰው ኋላ ተሸሽጓል። ከሬሳው ሥር ወጣ የተባለው መዶሻ የእሱ ነው። ትናንት ከጃቤዝ ጋር ተጣልቶ «እደፋሃለሁ!» ሲል መንደሩ ሰምቷል። በደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ ነፍስ ያጠፋ ይሰቀላል።

«ማን አገኘው?» አለ ኢንስፔክተር ግሪብል፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ቂጣውን እየገመጠ።

«እኔ» አለ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃርዊን። በዚያ ሁሉ አቧራ ጓንት የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። አዲስ መጤ ሁሉ በገንዳው ነክሮ በመዳብ የሚያቀላውን ሚስማር ዊልፍ እንደ ደንቡ ቢያቀርብለት፣ «የልጆች ጨዋታ!» ብሎ የገፋውም እሱ ነው። «ንጋት ላይ ብቻዬን ሳልፍ አየሁትና ጮኼ ሰው ጠራሁ። መዶሻውን በፊታቸው አወጣሁት። ሌሊቱን እዚያው ነው ያደረው።»

«መዶሻህን የት ተውከው ዊልፍ?»

«ዕቃ ቤት፣ ጌታዬ። ቁልፉ… ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው።»

«ኧረ ይሄን ሰው ተዉት!» አለች የሟች ሚስት ሎዊና። «ዝንብ ሲገድል እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ፈሪ ነው። ባሌ የጉድጓዱ ድጋፍ እንጨት መበስበሱን፣ ሥራ አስኪያጁም ይህን መደበቁን እሁድ በጸሎት ቤት ሊናገር ነበር።»

ግሪብል ሁሉንም ገንዳው ዳር ሰብስቦ ሦስት ነገር ደረደረ።

«የሟች የሰዓት ሰንሰለት ብር ነው፤ እንደነበረ ወጣ። ከኪሱ የወጡት ቁልፎች ብረት ናቸው፤ እንደ ቀይ ሥር ቀልተዋል። ብረት ለጋስ ነው፤ ያለውን ለመዳብ ሰጥቶ ይሟሟል፣ መዳቡም ይለብሰዋል። ብር ግን ከመዳብም የባሰ ቋጣሪ ነው፤ ለእሱ ምንም አይሰጥም። መዶሻውም ብረት ነው። ሌሊቱን እዚያ ካደረ ቀይ ልብሱ የታለ?»

«ስብ ተቀብቶ ውኃው ሳይነካው ቀርቶ ይሆናል!» አለ ሃርዊን።

«ይሆናል» አለና ግሪብል መዶሻውን ነከረው። «አንድ… ሁለት…»

ዊልፍ ውኃው ላይ አፈጠጠ። ካልቀላ ገመዱ አንገቱ ላይ ነው። ሠላሳ። አርባ።

ስልሳ ላይ መዶሻው ወጣ፤ የብረት ራሱ በሙሉ ቀልቷል።

«ስብ የለም» አለ ግሪብል። «እንግዲህ ጠዋት ውኃው ውስጥ የቆየው ለቅጽበት ነው። ከዕቃ ቤት ያወጣው ባለ ቁልፉ፣ የከተተው ደግሞ ብቻውን ሬሳው ዘንድ የነበረው ሰው ነው። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ ሚስማሩን ያልነከረ ብቻ ነው፣ ሚስተር ሃርዊን።»

ሃርዊን በካቴና ታስሮ ሲያልፍ ዊልፍ ከኪሱ ያንኑ እምቢ የተባለበትን ነጭ ሚስማር አወጣ። «ይንከሩት ጌታዬ፣ ደንብ ነው» ሊል አስቦ ነበር፤ ግን ጥርሱ ተንገጫገጨበት፤ ሚስማሩም ከጣቱ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ገባና መቅላት ጀመረ።