ለነፍስ ወከፍ የደረሰው መንገድ

በ1965 ዓ.ም. ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ በቆቦ የመንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት በአራት ምስማር ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ይታወቅ። ወረቀቱ መንግሥታት ለመንገድና ለመጓጓዣ የሚያወጡትን በነፍስ ወከፍ ያወዳድራል፤ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ጣሊያን፣ በመጨረሻም የእኛ ወረዳ። ያዘጋጀው ጸሐፊ ይሁኔ በማግስቱ ከሥሩ ሞቶ ተገኘ።

ሃምሳ አለቃ ውዱ ለምርመራ ሲደርስ ዘበኛው ታሂር እጁን በገመድ ታስሯል።

«መርዞት ነው» አሉ የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ሙሉጌታ። «ለእንግዶች ከደሴ የመጣውን ድፎ ዳቦ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ይሁኔ ሩቡን በልቶ ሞተ። ዛሬውኑ ደሴ ወህኒ ይወርዳል።»

«ወላሂ ቆርሼ ሰጠሁት እንጂ አልመረዝኩትም!» አለ ታሂር። «እኔ ከታሰርኩ አራቱን ልጆቼን ማን ያሳድርልኛል? አገሬ ዋጃ ዘመድ የሚባል አልቀረኝም።»

ውዱ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ ሰምቷል፤ ጆሮው ደንዝዟል። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ኮት ገለጠ። ቀበቶው ላይ በጋለ ምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ።

«ምሳ የት ነበር የሚበላው?» ሲል ታይፒስቷን ቆንጅትን ጠየቃት።

«እህሉን ሮቢት ላሉት እናቱ ይልካል። ለእኛ ‹በልቻለሁ› ነው የሚል፣ ጋሼ።»

«እናንተስ?»

«እኛም በልተናል» አለች፣ ዓይኗን ከታይፑ ሳታነሳ።

ውዱ የግድግዳውን ወረቀት ደጋግሞ አነበበና ሁሉንም ሰበሰበ።

«ለወረዳው መንገድ የተመደበው ገንዘብ አምናም ዘንድሮም ያው ነው። የነፍስ ወከፍ ድርሻው ግን ኬንያን አልፏል። እንዴት ሆኖ ነው፣ አቶ ሙሉጌታ?»

«እድገት ነዋ!»

«ተካፋዩ አንሶ ነው» አለች ቆንጅት በቀስታ።

«ሰዉ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነው!» አሉ አቶ ሙሉጌታ።

«ይሁን» አለ ውዱ። «ይሁኔ ግን የትም አልሄደም። እዚሁ እየከሳ ቀበቶውን አራት ጊዜ አጠበበ። ብዙ ቀን ባዶውን የሰነበተ ሆድ ባንዴ ሲሞላ ይገድላል፤ መንገድ ዳር ስንቱን አይተናል። ታሂር አዝኖ ቆረሰለት። መራዥ የለም፤ የገደለው ረሀብ ነው።»

«ረሀብ የሚባል የለም! በዚያ ቃል እኔ አልፈርምም። ዳቦው መርዝ ነው፤ የቀረው ይኸው፣ ከእስረኛው ጋር ለማስረጃ ይሄዳል።» በጨርቅ የተቋጠረውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ቆንጅት ተነሣች፤ ቋጠሮውን ፈታች፤ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች።

አቶ ሙሉጌታ እጇን ሊይዙ ተራመዱ። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ። ምራቃቸውን ዋጡ።

«ከዳሩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእኔም ቁረሽልኝ።»

«ቀስ ብለው ይብሉ» አለ ውዱ፣ የታሂርን ገመድ እየፈታ።