የማይተፋ አፍ

ዳምባር በማንሲንግ አልጋና በግድግዳው መካከል በሆዱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ እስከ አጥንቱ ተከፍቷል። ደሙ በሲሚንቶው ወለል ላይ ፈስሶ የአልጋውን እግሮች ከቧል። አጠገቡ ቀርከሃ የሚቆረጥበት ቆልማማ ቢላ፣ ኩኩሪ፣ ወድቋል። ሰዎቹን ይበልጥ የዘገነናቸው ግን ደሙ አልነበረም። የሟቹ ፊት ወደ ጎን ዞሮ ነበርና ገዳዩ ጉንጩ ላይ ተፍቶበታል። ቡናማ የትንባሆ ምራቅ እስከ አንገቱ ወርዶ ከደሙ ጋር ተቀላቅሏል።

ኢንስፔክተር ጀሙና ሱባ ከፖክራ ከተማ ተጠርታ ስትደርስ ረዳቷ ባሳንታ ቀድሟት ነበር። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች በሚታከሙበት በዚያ ኮረብታ ላይ ባለ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ሰው ከተሽከርካሪ ወንበሩ ተገፍትሮ ወድቋል። ባሳንታ በጫማው ጎኑን ይረግጠዋል።

«ተነስና ተናገር!»

«እንዴት ብዬ ልነሳ?» አለ የወደቀው ሰው፣ ከንፈሩ እየደማ። «አንተ ካስነሳኸኝማ ሐኪሞቹን ሁሉ አሰናብቼ አንተን እቀጥራለሁ።»

ባሳንታ በጥፊ መታው።

«ይበቃል» አለች ጀሙና። «ወንበሩ ላይ መልሰው።»

«አትንካኝ!» አለ ሰውየው። ወንበሩን ጎትቶ፣ በክንዶቹ ብቻ ሰውነቱን አንስቶ ተቀመጠ። ላክፓ ይባላል። ተራራ ላይ ሸክም ይሸከም የነበረ ነው። ከወደቀ ወዲህ ቀርከሃ እየሰነጠቀ በርጩማ ይሠራል።

«ጉዳዩ አልቋል፣ እመቤቴ» አለ ባሳንታ። «ኩኩሪው የሱ ነው። የትንባሆ ከረጢቱም ይኸው፣ ከሥራ ቦታው ተሰቅሎ አገኘሁት። ትናንት ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ዳምባርን ‹አንገትህን እቆርጠዋለሁ› ብሎታል።»

«ብያለሁ» አለ ላክፓ። ለመቀጠል ሲሞክር ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣበቀ። ከጎኑ ካለው ኮዳ ውሃ ተጎነጨ። «እንደ ሕፃን ሊያቅፈኝ ስለመጣ ነው። ማንም እንዲያነሳኝ አልፈልግም። አልገደልኩትም ግን። እስር ቤት ከምትወስዱኝ እዚሁ ግደሉኝ።»

«ምን ልዩነት አለው?» አለች ጀሙና።

መልሱን የሰጠችው ነርሷ ሲስተር ሬኑካ ናት። «ልዩነት አለው፣ ኢንስፔክተር። ባለፈው ዓመት ከኛ አንዱን በጠብ አስረውት ነበር። የሽንት ቱቦም ክኒንም የሰጠው የለም። ስንቀበለው ኩላሊቶቹ አብጠው ነበር። እጄ ላይ ሞተ።»

ጀሙና ነርሷን ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወሰደቻት። «ክኒኑ ምን ያደርጋል?»

«ነርቩ ሲበጠስ የሽንት ፊኛው በራሱ ጊዜ ያምፃል። ሳይታዘዝ ይኮማተራል፣ ሽንቱንም ወደ ኩላሊት ይመልሰዋል። ክኒኑ ያስታግሰዋል። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ሰዓቱ በቱቦ ያወጡታል።»

«ጉዳትስ የለውም?»

«አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ላክፓና ማንሲንግ ጠዋት ጠዋት ከእጄ ይወስዳሉ። አባባ ቱላ ግን ክኒኑ ሲያቃዣቸው ጊዜ ፊኛቸው ግድግዳ ላይ መርፌ ተወጉ። መርፌው አፍ አያደርቅም።»

«በዳምባር ላይስ ቂም የነበረው ማነው?»

«ማንም! ማንሲንግ ማር ሊቆርጥ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ገመዱ ሲበጠስ፣ ዳምባር ነው በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው። ከዚያም ተለይቶት አልሄደም። እዚሁ በሽተኛ አንሺ ሆኖ ተቀጠረ። እኛ ቅዱስ ነበር የምንለው።» የመድኃኒቱን ሣጥን ዘጋች። «ሲገደል ሌሎቹ ታችኛው ሜዳ ኳስ ሊያዩ ወርደው ነበር። እዚህ የቀረነው አራታችን ነን።»

ማንሲንግ በረንዳው ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ሰፊ ትከሻ፣ በንብ ንድፊያ የተጠቃጠቀ ፊት። ፀጉሩ እርጥብ ነው። ሱሪው፣ ሸሚዙና የወንበሩ ትራስ ታጥበው አጥሩ ላይ ተሰጥተው ውሃ ያንጠባጥባሉ።

«ልብስህ ምን ሆነ?»

«ሸናሁበት፣ እህቴ። ምን ይደረግ፣ የኛ ነገር ይኸው ነው። ልታጠብ ሄጄ ስመለስ ነው ወንድሜን...» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «በጀርባው ያወጣኝን ሰው! ያን ውሻ ላክፓን ለኔ ስጡኝ።» እንባውን ጠርጎ በአጥሩ ላይ እንትፍ አለ።

ጀሙና ወደ አባባ ቱላ ሄደች። ሽማግሌው ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። የማይንቀሳቀሱ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ እንደተቀመጡላቸው ናቸው።

«አባባ፣ ዳምባር ሰው ሲያነሳ እንዴት ነበር?»

«ጎንበስ ይላል። የተነሳው ሰው አንገቱን ያቅፈዋል። እኔ ማቀፍ ስለማልችል በአንሶላ ነው የሚያወጣኝ፤ እንደ ድንች ጆንያ።» ሳቁ። «አንገቱን የሚያቅፈው ማንሲንግ ብቻ ነው። ያ እብድ ላክፓማ ትናንት ሊያነሳው ሲሞክር ክንዱን ነከሰው።»

ጀሙና ተመልሳ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹን ክንድ ስትገልጥ የጥርስ ምልክቱ አለ። ሌላ ጭረት የለም። እጁን ለመከላከል አላነሳም። ቁስሉ ከላይ ወደ ታች የገባ ነው፤ ዳምባር ደግሞ ከሁሉም የሚረዝም ሰው ነበር።

ወጥታ ከሜዳው የተመለሰውን ወጥ ቤት «ቺዩራ አለ?» ብላ ጠየቀች። የተዳመጠው ደረቅ ሩዝ በሳህን በሳህን ቀረበ። አራቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። «ጠዋት ከቀመሳችሁ ወዲህ አልበላችሁም። ብሉና እንነጋገራለን። ውሃው በኋላ ይመጣል።»

«የሰው ደም ሳይደርቅ ምሳ?» አለ ባሳንታ።

«ዝም ብለህ እይ።»

ሬኑካ አባባ ቱላን በማንኪያ እያጎረሰች እሷም ቀመሰች። ሽማግሌው አላምጠው ዋጡ። ላክፓ አንድ እፍኝ ወደ አፉ ጣለ፣ አላመጠ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ አነቀውና ሩዙ ከአፉ እንደ ዱቄት በነነ። ማንሲንግ አንገቱን ደፍቶ እፍኝ በእፍኝ በላ።

«ጣፈጠህ?» አለች ጀሙና።

ማንሲንግ ቀና አለ። ሳህኑ ግማሽ ደርሷል።

«ዳምባር ጉንጭ ላይ ያለው ምራቅ የላክፓን አፍ አያውቀውም» አለች። «ክኒኑን የሚውጥ ሰው ሩዝ ማርጠብ እንኳ አይችልም። ያን ያህል ምራቅ ከየት ያመጣል? እዚህ እርጥብ አፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። የአባባ ቱላ እጅ አይንቀሳቀስም። ሲስተር ሬኑካ ቆማ ብትመታው፣ ከሷ በሁለት ስንዝር የሚረዝመው ሰው ማጅራት ላይ ከላይ ወደ ታች መምታት አትችልም። ዳምባር ሲመታ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሰው ሊያነሳ። አንገቱን የሚያቅፈው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ክኒኑን እወስዳለሁ!» አለ ማንሲንግ። «ሲስተር፣ ንገሪያት!»

«ታጎርስሃለች፤ አንተ ከምላስህ ስር ትደብቀዋለህ። ለዚህ ነው የሸናኸው። ልብሱ ላይ የሸና ሰው ግን ሱሪውን ያጥባል እንጂ ሸሚዙንና ፀጉሩን ለምን ያጥባል? ባሳንታ፣ ጎንበስ በልና አንሳው።»

ባሳንታ በማንሲንግ ብብት ስር እጁን አስገባ። የማንሲንግ ግራ ክንድ፣ ለዘመናት እንደለመደው፣ በራሱ ጊዜ ወጥቶ የፖሊሱን አንገት አቀፈ።

«እንዲህ ነው ያቀፍከው» አለች ጀሙና። «ኩኩሪው ደግሞ ከጭንህ ብርድ ልብስ ስር፣ በቀኝ እጅህ።»

ያ ክንድ አልተመለሰም። ጠበቀ። ገደል ላይ የሰው ክብደት የሳበ ክንድ ነው። የባሳንታ ፊት ጠቆረ፣ ጫማው ወለሉን ይቧጥጥ ጀመር፣ ከአፉ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ጀሙና የማንሲንግን ጣቶች ብትጎትት አልላቀቅ አሏት። ላክፓ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ በሙሉ ጉልበቱ ነዳውና ብረቱን ከማንሲንግ ጎን ጋር አላተመው። የጎድን አጥንት ተሰበረ። ሁለቱ ወንበሮች ከነሰዎቹ ተገለበጡ፤ ባሳንታ እየሳለ በእንብርክክ ሸሸ።

ማንሲንግ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ።

«ቅዱስ!» አለ። «ንቦቹ ሲወርሩት የኔ ክብደት አላስሸሽ አለው፤ ገመዱን ቆረጠው። ያንንስ ይቅር እለው ነበር፣ ንብ ሲወርህ ታብዳለህ። እሱ ግን ሦስት ቀዬ ዞሮ ‹የማንሲንግ የገመድ ጉንጉን በስብሶ ነው› አለ። አባቴ ያስተማረኝን ጉንጉን! ልጄን ገደል አጠገብ እንዳይደርስ ከለከሉት። በዳሳይን በዓል ልጄ የገመዱን ጫፍ ይዞልኝ መጣ። የተበጠሰ ገመድ ጭራው ይበተናል። ያ ግን በስለት የተቆረጠ ነበር።»

«ክኒኑንስ ለምን ደበቅከው?» አለች ጀሙና።

«ዓይኔን ያደበዝዘዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምመታው።»

«ላክፓ ምን አደረገህ?» አለች ሬኑካ።

ማንሲንግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጀሙና መለሰችለት። «ጥፋቱ እንዲላከክበት የላክፓን ትንባሆ አኝከህ ተፋህ። ምራቅህ ሲመለስልህ፣ የሱ አለመመለሱን ረሳኸው።»

ጂፑ መጣ። ባሳንታ፣ በዚህ ጊዜ ግን ከኋላ በኩል፣ ማንሲንግን አንስቶ አስቀመጠው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ላክፓ ወንበሩን እየገፋ ደረሰ። የክኒን ማሸጊያና በጨርቅ የተጠቀለሉ ቱቦዎች ማንሲንግ ጭን ላይ ጣለ። የራሱ ናቸው።

«ለምን?» አለ ማንሲንግ።

«ዋጠው። የት እንደምትገባ አንተም እኔም እናውቃለን። ዳኛው ፊት ቆመህ... ተቀምጠህ፣ ‹ላክፓ አልገደለም› እስክትል ኩላሊትህ ይቆይልኝ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ።»

ማንሲንግ አንዱን ክኒን ፈልቅቆ አፉ ውስጥ ጨመረ። ላክፓ «አፍህን ክፈት» አለው። ከፈተ። «ምላስህን አንሳ።» አነሳ። ምንም አልነበረም።

ጂፑ አቧራ አስነስቶ ቁልቁል ወረደ። ላክፓ በርቀት እስኪጠፋ አየው። ያበጠ ከንፈሩን ጠርጎ፣ ጉንጮቹን ሰብስቦ፣ ከኋላው ሊተፋበት ሞከረ። ደረቅ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«ሲስተር» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «እስኪ ውሃ አቀብይኝ።»