ሁለት መቶ ኪሎባይት

ፎቶ አንሺው ደምሴ የሞተው ሥራው ላይ ተደፍቶ ነው። ከመርሳ ገበያ ጀርባ ባለችው ፎቶ ቤቱ፣ ግንባሩ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አርፎ፣ ማጅራቱ በካሜራ ማቆሚያ ብረት ተመትቶ ተገኘ። በረንዳ ላይ የነበረው ጀነሬተር ባለቤቱ መሞቱን የነገረው ስላልነበር ነዳጁ እስኪያልቅ አጉረመረመ።

ኢንስፔክተር ፋንቱ በማግስቱ ጠዋት ከወልድያ ስትደርስ ከተማው ገዳዩን መርጦ ጨርሷል። ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሃፍተ ናቸው። ትውልዳቸው ትግራይ ነው፤ ጦርነቱ ከመርሳ ከወጣ ደግሞ ገና ወር አልሞላውም። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ የለም። ሽማግሌው ፎቶ ቤቱ ውስጥ በፖሊስ ተይዘው ተቀምጠዋል፤ ደጅ የቆመው ሕዝብ ፖሊስ አሳልፎ እስኪሰጣቸው ይጠብቃል።

ፋንቱ ከሟች ሚስት ከደብሪቱ ጀመረች። መብራት ከጠፋ ሁለት ወር ነው። ደምሴ ኮምፒውተሩን ጎተራ ውስጥ ቀብሮ ከዘራፊ ስላተረፈው በከተማው የቀረው ኮምፒውተር ያ ብቻ ነው። የሚሠራበትም ማንነታቸው ያልታወቀ ሙታንን ፎቶ አሳንሶ ዘመድ እንዲለያቸው ለመላክ ነበር፤ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ኔትወርክ ትልቅ ፋይል አያሳልፍም። ነዳጅ አልቆ ስምንት ቀን ቆሞ ሰነበተ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብሪቱ ሁለት ሊትር አምጥታ ለቅሶ ሄደች፤ አሥራ አንድ ላይ ስትመለስ ባሏን ሞቶ አገኘችው። ፖሊስ ቤቱን ወዲያው አሸገ።

«ጠላት ነበረው?»

«የሚሊሻዎቹን ቤት ከተማውን ይዘው ለነበሩት ታጣቂዎች ያሳየውን ጠቋሚ በፎቶ አገኘሁት፣ ነገ ጠቋሚዎችን ለሚያጣራው ኮሚቴ እሰጣለሁ ብሎኝ ነበር። ስሙን አልነገረኝም።» ወደ ጋሽ ሃፍተ ዞረች። «ሰው ሁሉ ያውቀዋል እንጂ።»

ጋሽ ሃፍተ ትናንት ፎቶ ቤቱ መምጣታቸውን አልካዱም። ዘጠኝ ተኩል ላይ የመታወቂያ ፎቶ ሊነሡ ገብተው፣ ካሜራ የለም ተብለው ወጥተዋል።

ካሜራውን ይዞ የዋለው የደምሴ ሠራተኛ ይታገሱ ነው። ከመርሳ አጠገብ ባለችው ሲሪንቃ የፈረሱ ቤቶችን ሲያነሣ ውሎ አመሻሽ ላይ እንደተመለሰ ተናገረ። ትናንት ጠዋት ያነሣቸውን ሃያ ፎቶዎች አሳየ፤ ከእነሱ ቀጥሎ የትናንት አሥር ሰዓት የሚል አንድ የሲሪንቃ ፎቶ አለ። ጥርት ያለ ነው። ፋንቱ የካሜራውን ካርድ ስልኳ ላይ ሰክታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች።

ከዚያ ሦስቱንም ግድግዳው ሥር አቁማ በካሜራው አነሣቻቸው። የሳቀ አልነበረም።

«ይታገሱ፣ ፎቶ በማሳነስ የሚያክልህ የለም አሉ።»

«ሠላሳ እጥፍ ባሳንሰው ዓይን አይለየውም» አለ፤ ኩራቱ ከሐዘኑ ቀድሞ አመለጠው።

«የኔም ዓይን አልለየውም። አሁን ያነሣሁት ሰባት ሜጋባይት ነው። የጠዋቶቹ ሃያውም ሰባት ሰባት ናቸው። የአሥር ሰዓቱ ሁለት መቶ ኪሎባይት። ምነው ከሳ?»

ይታገሱ ካሜራውን እንጂ እሷን አላየም።

«ካሜራው አያሳንስም፤ የሚያሳንሰው ይህ ኮምፒውተር ነው። ደምሴ ቦታ እንዳይሞላበት አሳንሶ ትልቁን ያጠፋል። የድሮ የሲሪንቃ ፎቶ ስትፈልግ ያገኘኸው ትንሹን ብቻ ነው። ቀኑን ቀይረህ ከጠዋቶቹ ኋላ ካርዱ ላይ ጫንከው። ኮምፒውተሩ ትናንት የሠራው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ታሽጓል። ስለዚህ አሥር ሰዓት ላይ ሲሪንቃ አልነበርክም፤ እዚህ ነበርክ። ግንባሩን ከቁልፎቹ ላይ አንሥተህ፣ ሥራህን ጨርሰህ፣ መልሰህ ደፋኸው።»

ደብሪቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ፎቶውን አጥፋው ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ይታገሱ ቀስ ብሎ። «ቤቶቹን ያሳየሁት ጠመንጃ ተደግኖብኝ ነው አልኩት። ፎቶው ላይ ጠመንጃ አይታይም አለኝ።»

ፖሊሱ የጋሽ ሃፍተን ካቴና ሊፈታ ቁልፉን አወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«ተዪው የኔ ልጅ» አሉ ፋንቱን። «እስከ ወልድያ ይቆይልኝ። እስረኛ ከሆንሁ ፖሊስ ከቦኝ እወጣለሁ። ነጻ ከሆንሁ ብቻዬን ነው።»

ፋንቱ በበሩ ስንጥቅ ደጁን አየች። የቆሙት ሰዎች ከጠዋቱ በዝተዋል።

ፖሊሱ ቁልፉን ወደ ኪሱ እንዲመልሰው ነገረችው።