ራሱን የሚያበራው ኮምፒውተር

ከድር በመኪና አደጋ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ዛሬም አስራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ማንም ሳይነካው ይበራል። መጀመሪያ ፋኑ ያጓራል፤ ቀጥሎ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያርፋል። እናቱ ወይዘሮ ሀኒፋ ያኔ ቀና ብለው «መጣህ ልጄ?» ይላሉ፣ ለባዶው ወንበር። እህቱ ቀመሪያ ይህን በሰማች ቁጥር ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

ጎረቤት «ጂኒ ሰፍሮበታል፣ ሽጡት» አለ። ቀመሪያ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ከድር የገዛው፣ ማሽኑ ግን አልችልም ያለው አንድ የመኪና ውድድር ጌም ነበር። «ራም ልጨምርለትና አብረን እንጫወታለን» እንዳላት ቀረ። ስለዚህ ከጨርቅ ሱቅ ደመወዟ ትንሽ ትንሽ ቆጠበች። እናቷ «ለአስር ቀን ብቻ» ብለው በስንት ልመና ፈቀዱላት፤ እሷም ከሀና ማርያም መካኒሳ ድረስ ማሽኑን ታክሲ ውስጥ አቅፋ ሬድዋን ዘንድ ወሰደችው።

ሬድዋን ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከሞተ ኮምፒውተር ነቅሎ በሌላው ላይ ነፍስ የሚዘራ ወጣት ነው።

«ስንት አለሽ?» አላት።

ነገረችው። ፈገግ አለ፤ የንቀት አልነበረም።

«በዚህ አዲስ ዕቃ አይታሰብም። ያገለገለ ራምና ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ እፈልግልሻለሁ። ትልቁን ካርድ ፓወሩ አይችለውም፣ ትንሹ ይበቃዋል።»

«ባይሰራስ?»

«እዚሁ አይደል ያለሁት? የት እሄዳለሁ?»

ዕቃው ሲገኝ ስልክ ቢደውልላት ይበቃ ነበር። እሷ ግን በየቀኑ ጎራ አለች፤ እሱም በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ በርጩማ ገዝቶ ጠበቃት። አንድ ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ማሽኑ ብቻውን ተነሳ። ሬድዋን ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀበት።

«ወላሂ አልነካሁትም!»

«አውቃለሁ» አለች ቀመሪያ በለሆሳስ። «ወንድሜ ነው።»

አልሳቀባትም። ካቻቢቴውን አንስቶ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰለት። የወደደችው ያኔ ነው።

በአስረኛው ቀን ጌሙ ሳይቆራረጥ ሄደ። ማሽኑ ቤት በገባ ማግስት ወይዘሮ ሀኒፋ ሻሻቸውን አስተካክለው ከአስር ሰዓት ጀምሮ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። አስራ አንድ ሞላ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አስራ አንድ ተኩል ሆነ።

«ዛሬ ቀረ» አሉና ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

ቀመሪያ ፊታቸውን በጥቁሩ ስክሪን ላይ አየችው። ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ መሰላትና ዞረች። ማንም የለም። ሬድዋን ዘንድ ደወለች።

«ምን አድርገኸው ነው?»

ሬድዋን ትንሽ አሰበ። «ባትሪዋን ቀየርኩ። ሰዓት የምትይዘዋን ትንሿን። ለምርቃት ብዬ ነው፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደማደርገው። አሁን ገባኝ። ከድር በአስራ አንድ ሰዓት ራሱ እንዲበራ አስተካክሎት ነበር። አሮጌ ስለሆነ ለመነሳት ብዙ ይቆያል፤ ከስራ ሲገባ ተነስቶ እንዲጠብቀው ነው። ባትሪዋ ስትወጣ ያ ሁሉ ጠፋ።»

«መልሰው!»

«እመልሰዋለሁ። ግን ከእንግዲህ የማበራው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። እናትሽን ማታለል ይሆንብኛል። አንቺ ካልሽ ግን አደርገዋለሁ። አንቺን ማጣት አልችልም፣ ቀመሪያ።»

ቀመሪያ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። እውነቱ ከተነገረ እናቷ ልጃቸውን ዳግመኛ ይቀብራሉ፤ ሬድዋንንም ደጃቸው ላይ አያቆሙትም። ከተዋሸ ደግሞ እሷ በዚያ የሐሰት ብርሃን ፊት በየቀኑ ልትቀመጥ ነው።

«ነገ ና» አለችው። «ለእናቴ ራስህ ንገራት።»

ከስራው እንደወጣ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አንዳች ሳይደብቅ ነገራቸው። ወይዘሮ ሀኒፋ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ደጃፉ መጡ።

«ልጄን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ማሽኑን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ የቀመሪያን ፊት አዩና ሁሉም ነገር ገባቸው።

«ሁለት ዓመት ብርሃን ሳዋራ ኖሬያለሁ» አሉ። «ብርሃኑ መልሶልኝ አያውቅም። ግባ፣ ልጄ። ደጅ ቆመህ አትቅር።»

ቀመሪያ ከኋላው በሩን ዘጋች።