ከአንሶላው ወዲያ

ኤልያብን ያገኘሁት ልብስ ማድረቂያ ክፍል ውስጥ ነው። ፍቅር ኦስሎ ዳር፣ ፉሩሴት ሰፈር ድረስ መጥቶ የመረጠልኝ ቦታ ይኼ ነው፤ ምን ይደረግ!

እሑድ ጠዋት እርጥብ ልብሴን በባልዲ ተሸክሜ ወደ ሕንፃችን ምድር ቤት ወረድኩ። ክፍሉን አንሶላና ብርድ ልብስ ሞልቶታል። ከመሃል አንድ ወንድ በአማርኛ ራፕ ያደርጋል፤ አልናብሩ በሚባል ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ማንም ስሙን ሳይጠራው ስለሚመሽ ቀን።

የልብስ መቆንጠጫዬ ወደቀ። ድምፁ ቆመ።

«ሰዓቱ የኔ ነው» አለ ከአንሶላው ወዲያ። «የተራ ሰሌዳው ላይ ተመዝግቤያለሁ።»

«ልብስህ እኮ ደረቅ ነው!»

«ዘፈን እየቀዳሁ ነው። ጨርቁ ማሚቶውን ይውጥልኛል።»

«በል ቀጥል። እኔ ዝም ብዬ አሰጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ መውረድ ለመድኩ። አንዳንዴ ንጹሕ ልብስ አርጥቤ እወርዳለሁ፤ አላፍርበትም።

ኤልያብ ኦስሎ ተወልዶ፣ አማርኛን ከእናቱ የስልክ ወሬ የለቀመ ልጅ ነው። ዘፈኑን ፊቱን ሳያሳይ ኢንተርኔት ላይ ይጭናል፤ አሥራ አንድ አድማጭ አለው። ልቡ የሚከፈተው ግን አንሶላ ሲጋርደው ብቻ ነው። ቀድቶ ሲጨርስ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ በረዶ ያወራኛል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ይናፍቀኝ ነበር።

አንድ እሑድ፣ «ሰሜን ጫፍ፣ ትሮምሶ ሆስፒታል ሥራ አገኘሁ» አልኩት። «ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«ያ... እዛ በጣም ይበርዳል።»

«ሌላ የምትለኝ የለህም?»

ወለሉን አየ። «ናይ» አለ፤ በኖርዌይኛ «የለኝም» ማለቱ ነው።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው አፍቅሮ አያውቅም። እያለቀስኩ ሄድኩ።

ትሮምሶ ከሰው ጋር የማወራው ስለ መድኃኒት ብቻ ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አዲሱን ዘፈኑን ከፈትኩ። ግጥም የለውም። መቆንጠጫ ሲወድቅ፣ የባልዲዬ እጀታ ሲንኳኳ፣ እኔ ሳስል ይሰማል። ድሮ ትንሽ ኮሽታ እንኳ ቆርጦ የሚጥል ሰው፣ የኔን ሁሉ አጠራቅሞ ምት ሠርቶበታል።

መጨረሻው ላይ ጨርቆቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ።

«ሔርሜላ፣ አንሶላውን አውርጄዋለሁ። አትሂጂ ማለት ነበረብኝ። እወድሻለሁ።»

ማሚቶውን አልቆረጠውም።

ደወልኩለት። አነሳው።

«ኤልያብ» አልኩት፣ «የፊታችን እሑድ እመጣለሁ። ሰሌዳው ላይ ስሜን ጻፍልኝ።»

«ተጽፏል» አለ። «ከሄድሽ ጀምሮ በየሳምንቱ እጽፈዋለሁ።»