የውኃዋ ቱቦ

«እኔ የያዝኩት ሥራ ተበላሽቶ አያውቅም። እጄ የተባረከ ነው!»

ይህን ያልነገረችው ቢፈለግ ላብራቶሪው ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር አይገኝም። እሱም ቢሆን ያጠራጥራል።

ልጅቷ ተለማማጅ ናት። ሥራዋ የቲቢ ባክቴሪያ ውስጥ ያለችን አንዲት ጂን ፊደል በፊደል ማንበብ ነው። ጂኗ የባክቴሪያው ጠጋኝ ናት፤ ዲ ኤን ኤው ሲጎዳ ደርሳ ትጠግነዋለች። ጠጋኟ ራሷ ከተበላሸች ግን ስሕተት በስሕተት ላይ ይከመራል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒት መልመድ ይቀለዋል። ታዲያ ልጅቷ ከሕሙማን በመጡት ናሙናዎች ላይ፣ በጂኗ መሐል፣ አንድ ፊደል ተቀይሮ አገኘች። ያውም ሁሉም ላይ! ደስታዋን ምን ልበላችሁ፤ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ዘለለች።

ዓርብ ግኝቷን በስብሰባ ልታቀርብ ነው። ፕሮፌሰሯ ከተቀበለቻት ትምህርቷን እዚያው ትቀጥላለች። ካልሆነ ሻንጣዋን ጠቅልላ እናቷ ቤት።

የማንበቢያውን ማሽን የያዘው አንድ ወጣት ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጸጥታ» ነው የሚሉት፤ ለምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። መጀመሪያ የተገናኙት በሩ ላይ ነው። እሷ የቱቦ መደርደሪያ ታቅፋ ስትከንፍ ደረቱ ላይ ልትላተም ምንም አልቀራትም።

«ቀስ» አላት።

ሌላ አልጨመረም። ግን መንገዱን ለቆላት እስክታልፍ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም፤ እሷም ዞር ብላ ማየቷን አልተወችም። ከዚያ ወዲህ እርምጃዋን ከኮሪደሩ ሲሰማ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ በሩ ያዞራል። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ሰው እንደዚያ ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ውጤቷን ይዞ ብዙ ቆየ።

«የውኃዋ ቱቦ የታለች?» አለ በመጨረሻ።

በዚያ ቤት ደንብ ነው፦ የናሙናው ዲ ኤን ኤ ለንባብ እንዲበቃ ሲባዛ ውኃ ብቻ ያለባት አንዲት ቱቦ አብራ ትገባለች። ምንም ሊገኝባት አይገባም። ከተገኘባት ያልተጠራ እንግዳ ገብቷል ማለት ነው።

«ተውኳት። ባዶ ውኃ ምን ይነግረኛል? ቦታ ለመያዝ ካልሆነ!»

ውጤቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየ። ቀጥሎ ቀና ሳይል፦

«ዓርብ አታቅርቢው።»

«ምን አልክ?»

«ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ አላማረኝም። እኛ ለልምምድ የምናሳድገው ባክቴሪያ ላይም ያቺው ፊደል አለች።»

«ቀናህ በለኛ!» ብልጭ አለባት። «ሌላው ያገኘውን ስታነብ ነው የምትውለው። እኔ አንድ ነገር ባገኝ ዓይንህ ቀላ!»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን መመለስን መቼ ለምዳ! እሱ አንዴ አያትና ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አዞረ። ቢሰድባት በስንት ጣዕሙ!

ማታ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ሰው ቀናብኝ።»

«የትኛው ሰው?»

«ያ የነገርኩሽ ልጅ።»

«ከሱ ሌላ ስለ ማን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» ሳቀች እናት። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ ግን ድምጿ ተለወጠ። «ቆይ እስቲ፣ ካላቀረብሽ ወደኔ ትመጫለሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ከመጣሽ እኮ እሱም አያገኝሽም። እና ይሄ ምኑ ነው ቅናት፣ የኔ ልጅ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች።

ሐሙስ ጠዋት ሥራውን ከሥር ጀመረች፤ የውኃዋን ቱቦ አልተወችም። መደርደሪያውን ወስዳ ወጣቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። ጎን ለጎን ቆመው ስክሪኑን ጠበቁ። ከውኃዋ ቱቦ ጂኗ ወጣች። ከነተቀየረችው ፊደሏ።

የልምምዱ ባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ከመቼው እንደሆነ እንጃ፣ የምትጠቀምበት የውኃ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስታነብ የከረመችው ሕሙማኑን ሳይሆን የላብራቶሪውን የልምምድ ባክቴሪያ ነው።

ወንበሩን ሳበላት፤ ተቀመጠች።

«ስለ ትናንቱ ይቅርታ» አለች አቀርቅራ። «ግን ካላቀረብኩ እንደምሄድ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር። ዝም ልል ምንም አልቀረኝም።»

«ታዲያ?»

«በውሸት እንድትቀሪ አልፈለግሁም።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ደስ ይል ነበር። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አላቋረጠችውም።

ዓርብ ከሰው ፊት ቆመች። «ግኝት የለኝም» አለች። «ውኃዬ ተበክሎ ነበር። የውኃዋን ቱቦ ስለተውኩ አላየሁትም። ያየው የማሽኑ ባለሙያ ነው።»

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ ጠረገችው። የጠራም አልመሰላት።

«በአዲስ ውኃ ድገሚው» አለች። «ስለ መቆየትሽ ያኔ እንነጋገራለን።»

ከወጣቱ ጋር አብረው ደገሙት። ጂኗ ሁሉም ላይ ደህና ናት፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተነካችም። የውኃዋም ቱቦ ባዶዋን ወጣች። ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «የሚታመን ሥራ ነው። ቆዪ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጭብጨባ የለ፣ ምን የለ።

ልጅቷ ግን እየከነፈች ሄዳ የማሽኑ ክፍል ገባች። ወንበሩ ገና ድሮ ወደ በሩ ዞሯል። እጁን ያዘችው። አልሸሸም፤ ጣቶቹን በጣቶቿ መሐል አስገባ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። እንዲህ አድርጋ ዝም ብትል ምን ነበረበት? አልቻለችም።

«ግን እውነቱን ንገረኝ» አለችው አገጯን ቀና አድርጋ፣ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?»

ሰዓቱን አየ።

«ምሳዬን በሰዓቱ እበላ ነበር።»